ቡላ፣ ዳማ፣ ዳለቻ

ግንቦት ተጋመሰ፣ ሰማዩም ከበደ፤
የበረንዳው ቀለም እየገረጣ ሄደ፤
ነካ ሲያደርጉት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ
ይረግፋል እታች፣ ከደጅ ተቀማጭ
እናቴ ቀሚስ ላይ።

ስለዚህ ተማከርን።

ወንድሜ ነስሩ ሂርማታ ወረደ፤
እንደ መሐረብ የሚታጠፍ ካታሎግ ይዞ ነጎደ፤
ሰማንያ አራት ካሬ፣ ካሬው ሁሉ ቁጥር።
«አምስት መቶ ሁለት፣» አለን ሲመሰክር፣
«አመድማ። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ቀብቷል፤
ጭቃ አይታይበትም፣ ዋጋውም ቀሏል።»
እህቴ ዘይቱና፦ «ሰው በአመድ ይኖራል?
ሰማያዊ አድርጉት፣ ኮርኒሱን ከውስጥ፤
ክረምት ሲዘጋብን ቀና ብለን የምናየው
ሰማይ እንዲኖረን፣ የማይለዋወጥ።»
እኔ ከመሃል ነኝ። ቁጥር አይገባኝም፤
ስም የሌለው ቀለም ቢያምርም አይጥመኝም።

እንዲህ ስንከራከር ቀቢው አባ ቢያ
መጣ፣ ትከሻው ላይ መሰላል፣ እጁ ላይ መፋቂያ፤
ካታሎጉን አየው ከፊት እስከ ኋላ፣
እንደ ሐኪም ጽሕፈት አጥፎ መለሰና
ግድግዳውን ዳብሶ፣ «ይሄ ቡላ ነበር፤ ይሁንለት ቡላ።
መስኮቱ ዳለቻ። አግዳሚው ጉሬዛ፣
ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ አለው የራሱ ለዛ።»
ነስሩ ሳቀበት፦
«አባ ቢያ! ቤቱ ፈረስ መሰለህ እንዴ?»
ሽማግሌው ዝም አለ፣ መሰላል አቆመ፣
አራቱን ምሰሶ ቆጥሮ ሲፈጽም
«አራት እግር አለው፤ ሰው ተሸከመ፤
አልሄደም ነው እንጂ፤ ሰባ ዓመት ቆመ።»

ከዚያ መፋቅ ጀመረ።
ላይ ላዩ ክሬም ነው፣ የዘይቱና ሠርግ።
ከሥሩ አረንጓዴ፣ አባቴ ከመንገድ ሥራ
በቆርቆሮ ያመጣው ትርፍ፤
ሽታው ሳምንት ሙሉ አስሎናል።
ቀጥሎ ሰማያዊ። ማን ቀባው? የሚያውቅ የለም።
(«አላልኩም?» አለች እህቴ።)
ቀጥሎ ስስ ኖራ።
ከኖራው በታች መፋቂያው ቆም አለ፤
እንጨቱ የጠጣው፣ እንደ ቆየ ማር የበሰለ
ቀይ። ቀይም አይደለም።
«ዳማ፣» አለ አባ ቢያ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

እናቴ ከወንበሯ ድንገት ቀና አለች፤
ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖት ስሙን በጆሮዋ አየች።
አያቴን ማንም ሰው በስሙ አይጠራውም፤
አባ ዳማ ነበር፤ የወጣበትን ስም እኛም አናውቀውም።
ፈረሱን አዌቱ ሞልቶ ነው የወሰደው፤
በማግሥቱ ዓመት ይህን ቤት ሠራ፤
ቀለሙን ለምን እንዲያ እንዳደረገው
ለማንም አላወራ።
እናቴ ተነሥታ፣ በመዳፏ ሄዳ፣
ምሰሶውን ያዘች፤ እንደ አንገት ዳበሰች።
«ይሞቃል፣» አለችን።
ፀሐይ ያረፈበት በኩል ነበር።
እኔ ምንም አላልኩም።

ባለሱቁ ጣህር ቁጥሩን ጠየቀን።
«ዳማ ስጠን፣» አልነው። ዝም ብሎ አየን።
ከቀዩ ሁለት ሊትር፣ ከቡኒው በኩባያ፣ ቢጫ በማንኪያ፤
ሦስቴ አማሰለ፣ ሦስቴም ጡብ ሆነበት፤
በአራተኛው አባ ቢያ ጣቱን ነክሮ
ክንዱን ቀባ፣ ደጅ ወጣ፣ በብርሃን አየበት፤
«አሁን ቢጠሩት ይዞራል፣» አለ።

ዘይቱና ሰማዩዋን ኮርኒሱ ላይ አገኘች።
ዳለቻው ሲከፈት አምስት መቶ ሁለት ሆነና
ነስሩ ቆርቆሮውን ይዞ ሰፈር ዞረ፣ ያሸነፈ ይመስል።

ወለሉን ማክሰኞ ቀባነው፤ ዝናቡም ያን ለታ መጣ።
ሳይደርቅ ማን ይርገጠው? በመስኮት ሰው ገባ፣ በመስኮት ሰው ወጣ፤
ዳቦውም በመስኮት፣ ሐሜቱም በመስኮት፤
ለጎረቤት ፍየል ግን ማን ነግሯት?
ጥላ ፈልጋ ገባች፤ ከጥግ እስከ ጥግ
ቀጥ ብላ ሄደችበት።

አባ ቢያ ብሩሹን አንሥቶ ሊያጠፋው ሲል
ከውስጥ የእናቴ ድምፅ፦
«ተወው፣ ይቅር።
ዳማ ያለ ኮቴ መች አምሮበት ነበር?»