ከነጩ ባሉጥ ጀምሮ

ከፍርድ ቤቱ በታች፣ በምድር ቤቱ ጓዳ፣
መዝገብ አቀርባለሁ ለመጣው እንግዳ።
ውጭው በረዶ ነው፤ ጥር ነው በኬንታኪ፤
እኔ በደመወዝ የሙታን ተላላኪ።

ዊላርድ ስታምፐር በየሐሙስ ይመጣል፤
ባርኔጣውን ያወልቃል፣ እጁን ይታጠባል፣
እንደ ቆራቢ ሰው ዝግ ብሎ ይቀመጣል።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ ግራ ጆሮው አይሰማም፤
ልጅ አልወለደም፤ መፈለግ ግን አይተውም።

«የመጀመሪያችን ኤፍሬም ነው» ይለኛል፤
በመጣ ቁጥር ሁሉ ያንኑ ይነግረኛል፤
«ተራራውን አቋርጦ፣ በመጥረቢያው ብቻ፣
ሰው ካልረገጠው ደን አበጀ መክተቻ፤
ሚስቱን በበቅሎ ጭኖ፣ ጨው በስልቻ ቋጥሮ፣
ሀገር አደረገው፣ ከባዶ ጀምሮ።»

ከባዶ።
ይህችን ቃል ሲላት ድምፁ ይሞቃል።
አያቱ ነገረችው፤ ለእሷስ ማን ነገራት? ማን ያውቃል።

እኔ ባደግሁበት ዘር በቃል ይጠራል፤
ሰባት ቤት ያልቆጠረ ሊዳር ሲል ያፍራል።
እዚህ ዘር ቀለም ነው፤
ብል ያነብበዋል።

ስንት ኤፍሬም አየን!
አንዱ በኩፍኝ ሞተ በሰባት ዓመቱ፤
አንዱ የሰው አሳማ ተገኘ ከቤቱ፤
አንዱን ሕዝብ ቆጣሪ ስሙን አበላሽቶ፣
«ኢፍረም ስታንፐር» ብሎ፣
ሌላ ሰው ወልዶ ሄደ ብዕሩን አጽድቶ።

የዛሬ ሐሙስ ግን፣
ከግብሩ መዝገብ ሥር ታጥፎ የተረሳ፣
አንድ የመሬት ውል፣ ጠርዙ የሳሳ፣
አገኘሁ። ዘረጋሁ። በደህናው ጆሮው ዞሬ፣
አነበብሁ ጮክ ብዬ፣ ተጠግቶ ወንበሬ፦

«ከነጩ ባሉጥ ጀምሮ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣
አርባ ቃላድ በምሥራቅ፣ ድንጋይ እስካለበት፤
ከድንጋዩ ቁልቁል፣ የሕንዶቹን አሮጌ እርሻ ይዞ፣
የበቆሎውን ጉብታና የኮኩን ዛፎች ታክኮ፣
ተመልሶ ወደ ባሉጡ፤
ይህ ሁሉ ለኤፍሬም፣ ለልጅ ልጁም ርስቱ።»

ዊላርድ እጁን አነሳ። «ድገሚልኝ» አለ።
«የሕንዶቹን አሮጌ…»
«ድገሚ።»
ደገምሁለት።
«እርሻ?» አለ። «ማን አርሶት?»
ቧንቧው ብቻ አንኳኳ። እኔ ዝም አልሁት።

መዝገቡ ሁሉን ጽፏል፦ የፈረሱን ዳማነት፣
የላሟን የጆሮ ቁርጥ፣ የማረሻውን ብረት።
ያን ኮክ የተከለ፣ ያን ጉብታ የኮተኮተ፣
«አሮጌ» በምትል ቃል ስሙ ተከተተ።

ከውሉ ግርጌ ፊርማ የለም፤ መስቀል አለ፤
ኤፍሬም መጻፍ አያውቅም፤ ሁለት ጭረት ጣለ፤
አንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ የተንሻፈፈ፣
ብዕር እንደ መጥረቢያ ጨብጦ የጻፈ።
መንካት ክልክል ነው። ዊላርድ ግን ጣቱን
አኖረው ከመስቀሉ፤
እኔም አልከለከልሁት፤ ቁልቁል አየሁ ጫማዬን።

ብዙ ቆየ። ከዚያ፣
«አባቴ» አለ፣ «ኮክ ሲበላ ፍሬውን አይጥልም ነበር፤
ከአጥሩ ሥር ይቀብረዋል በተረከዙ።
ለምን? ስለው፣ አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር ይለኛል።
ጣፋጭ ነበር ኮካችን፤ ሰፈሩ ሁሉ ይወስዳል።
ከማን ዘር እንደሆነ አልጠየቅንም ነበር።»

ደብተሩን ገለጠ። ከገጹ አናት፣ ከኤፍሬም ስም አጠገብ፣
በወጣትነት እጁ፣ በደማቅ እርሳስ፣
«ከባዶ» የሚል አለ።
ላጲስ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ፋቀ፣ ፋቀ፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ሊቀደድም ደረሰ፤
ቃሉ ግን ገጹ ሲገለበጥ፣ ለጣት ይሰማል፣
እንደ ጠባሳ።

በአምስት ሰዓት ተኩል መብራት አጠፋሁ።
ደረጃውን ወጣ፣ ብረቱን ተደግፎ፣
ራሱን ለበረዶው ሰጥቶ፤
ባርኔጣው እኔ ጋ ቀርቷል።
ከውሉ ጋር አላኖርሁትም፤ ብል አለ እዚያ።
መስኮቱ ላይ ነው፤ እስከ ሐሙስ።