ሁለት ጣት ስፖንጅ

ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ፣ ከኮምቦልቻ ሜዳ፣
በርካሹ ትኬት ተሳፈርሁ፣ ግማሹን በዕዳ።
ጉልበቴ ከፊቱ ወንበር እንደ ባላንጣ ተጋፍቶ፣
ወገቤ መደገፊያ ሲሻ፣ ቀጭን ብረት አግኝቶ፣
አውራ ጣቴን ሰደድሁት፤ ሙያ አይደል፣ አያስችል፤
ስፖንጁ ሁለት ጣት ነው፣ ያውም የሕፃን ጣት ያህል።
ሻንጣ ለብቻው ሒሳብ፣ ውኃም ለብቻው ሒሳብ፤
ወንበሩ ንቅንቅ አይልም፣ ቢገፉት፣ ቢሉት ሳብ።
ቀበቶው ብቻ ለጋስ ነው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል፤
ክርኔን የዘረጋሁ እንደሆን፣ የጎረቤት ጎን ይነካል።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣
የመኪና ወንበር ሰፍቻለሁ፤ ይህ ምን የሚሉት ሙያ!
ብዬ ልቆጣ ስል፣
ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ ትኩር ብትል፦
«ይመር አይደለህም እንዴ፣ የቡሽራን ዶልፊን የሰፋኸው?
ቅዳሜ ቅዳሜ ኩታበር በእሱ ነበር የምሄደው፣
ጉልበቴን እንደ ልጅ አቅፌ።»
መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ተለጎመ አፌ።

ቡሽራ ነበር ያለኝ፦ «አንድ ረድፍ አስገባ፤
ስፖንጁንም ሸረፍ አርገው፤ ለአርባ ደቂቃ ማን ሊያነባ?
ሰው ተጠጋግቶ ይሞቃል፣ ብርዱም አይገባ።»
ተከፈለኝ። ሰፋሁ።
የቀነስሁትን ስፖንጅ ትራስ አድርጌ ሸጥሁት፤
የዚችን ሴት ጉልበት ግን አንድም ቀን አልለካሁት።

በመስኮት ደመና አየሁ፣ እንደ ጥጥ የተነደፈ፤
ስንት ወንበር ይሞላል ስል፣ ተበትኖ አለፈ።
«ተመቸህ ወይ?» አለችኝ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።
መደገፊያውን ለቀቅሁላት፤ እሷስ ክንዷን ትዘርጋ።