ደረጃውን የጠበቀ

የቫልፓራይሶ ጤና ቢሮ ግድግዳ ላይ ካርታ አለ፤
«ከሄርሜሊንዳ ደጅ እስከ ክሊኒኩ አራት መቶ ሜትር» የሚል።
ሪፖርትም አለ፦ «አገልግሎቱ ደረጃውን የጠበቀ ነው» ሲል።

ደረጃውን የጠበቀችውስ እሷ ናት፤
አንድ እግሯን ስኳር ወስዶባት፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ቁልቁል እያየች፣
ከቆመው አሳንሰር ጋር አብራ የዛገች።

ነርስ ኦሪያና አንድ ማክሰኞ
«ስብሰባው ተራራው ላይ ነው» አለች፤
ኃላፊዎቹን የመድኃኒት ሣጥን አሸከመች።
መቶኛው ላይ ሳቁ አለቀ፣
ሁለት መቶኛው ላይ ክራቫት ወለቀ፤
ከላይ ሲደርሱ አንዱ ደፏ ላይ ተዘርፍጦ
ላቡን በሪፖርቱ አደረቀ።

ሄርሜሊንዳ ውሃ አቀበለችው፤
«ጠጣ ልጄ።
ካርታህ ሜዳ ነው፣ አልፈርድብህም።
ግን የቆምነው እኩል ሳይሆን
እኩል ሰፈርኩ አትበለኝ።»

አሳንሰሩ ዛሬም አልተሠራም። «በጀት የለም» ይላሉ።
ካርታው ላይ ግን፣ ከሜትሩ ጎን፣
በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ የጉልበት ልክ።
ማክሰኞ ማክሰኞም ኢንሱሊኑ፣
በረዶው ሳይሟሟ፣
በሰው ትከሻ
ሽቅብ ይወጣል።