ዓሣ ነባሪው በጎቢ

ከሞተር ሳይክሏ ባትሪውን ፈታች፣
መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ጨረሰች፣
ነጭ አንሶላ ወጥራ፣ መምህርት ዶልጎርሱረን፣
«ዛሬስ ባሕር እንይ፤ ዝም በሉ» አለችን።

ጎቢ ተወልዶ ባሕር ማን ያውቃል?
ትልቅ ውኃ ለእኛ ከግመል ገንዳ መች ያልፋል?

መጣ ዓሣ ነባሪው፤ ክፍሉ ጠበበው፣
ጅራቱ ምድጃውን፣ ግንባሩ በሩን ሸፈነው።
ሁሌ የሚያንቀላፋው ቱሙር ደንግጦ ነቃና፣
እንዳይርስበት ብሎ
ደብተሩን ከወለሉ አነሣ።

ሳቅን።
ሶሎንጎ ግን አልሳቀችም።
ዓይኗ ከተወለደች ብርሃን አይቶ አያውቅም፤
ድምፅ ማጉያው ላይ ጉንጯን አስደግፋ
ታዳምጥ ነበረ፣ ትንፋሽዋ እስኪጠፋ።

ባትሪው ደከመ። ሥዕሉ ቀድሞ ሄደ፣
ድምፁ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱም በረደ።

«እስቲ ምን ያህላል?» ጠየቀች መምህርት።
«ትልቅ ነው!»
«እንደ ምን?»
«እንደ... እንደ አንሶላው» አልናት በአንድነት።
ሶሎንጎ ቆይታ፣ «ሩቅ ነው» አለች፤
«ጠርቶ፣ ጠርቶ፣ ጠርቶ፣ መልስ ይጠብቃል፤
መሃሉ ባዶ ነው፤ ባዶው ይሰማል።»

መምህርት አልመለሰች። ገመድ ይዛ ወጣች፣
በረዶው ላይ ቆጥራ ሠላሳ እርምጃ ለካች፤
ቱሙርን ከጅራቱ፣ ሶሎንጎን ከአፉ አቆመች፣
እኛን ከሆዱ ውስጥ በተርታ ደረደረች።
አቤት፣ አንሶላው እንዴት ዋሽቶናል!

ሶሎንጎ ያን ድምፅ ከደረቷ ስባ
ለቀቀችው፤ መጣ፣ በጎናችን ገባ፣
ጅራቱ ድረስ ዘለቀ።

ቱሙር መልስ አልሰጠም።
ጎንበስ ብሎ ብቻ
ደብተሩን ከበረዶው አነሣ።