ስምንተኛዋ ጠያቂ

የጀልባ ነጂ ነኝ፣ ቺሎዌ ደሴት ላይ፤
ዝናብ ነው ጣሪያችን፣ ብርቅ ነው ሰማይ።
ልጆች አሻግሬ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣
ማታ በዚያው መንገድ መልሼ እጭናለሁ።

መምህር ሌፒዮ መጣ፣ አንድ ቀን በማለዳ፣
የመጥረጊያ እንጨትና የሽቦ ጥቅል ይዞ፣ ግማሹን በዕዳ።
«ከደመናው በላይ» አለኝ፣ «የሚዞር ቤት አለ፣
ሰው በላዩ ያደረ፣ ሰው በላዩ የዋለ።
ማክሰኞ በእኛ በኩል ያልፋል፤ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤
ልጆች ሊያናግሩት፤ አንቴና የሚይዝ እጅ ነው የጠፋው።»
«ለምን እኔ?» አልኩት። «ማዕበል ላይ ቆመህ
መቅዘፊያ ስትይዝ አይንቀጠቀጥም እጅህ።»

ማክሰኞም ደረሰ፣ ዝናቡም እንደ ልማዱ፤
ስምንት ልጆች ቆሙ፣ ጉልበቶች እየከዱ።
እኔ ደጅ ነኝ፤ በመስኮት ገመዱ ገብቷል ከክፍል፣
ካፖርቴ ውሃ ይጠጣል፣ ጆሮዬ ከውስጥ ይውላል።
«ሽው» ብቻ ነበረ፣ ዛጎል ውስጥ እንዳለው፤
ድንገት አንዲት ሴት «ቺሎዌ፣ ይሰማኛል!» ስትል፣ ልቤ ዝናቡን ረሳው።

ጋስፓር ስለ እንቅልፍ፣ ኢግናሲያ ስለ ምግቡ፤
አራተኛው አለቀሰ፣ ጥያቄው ጠፋው ከልቡ።
እኔም ከሰሜን ምዕራብ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣
የማላየውን ነገር ተከተልኩ፣ ሳልጠይቅ።

ስምንተኛዋ ኤሉኔይ፣ ትንሽ ናት፤ ድምጿ ግን ያይላል፤
«እዚያ ብታለቅሺ፣ እንባሽ ወዴት ይወድቃል?»
ሴትየዋ ሳቀች። «እንባማ...» ብላ ጀመረች፤
«እንባ እዚህ...» — ሽው። ከአድማሱ ወዲያ ቀረች።

ማታ ስንመለስ ኤሉኔይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ ዝም።
«እጄ ነው» አልኳት፤ «ተንቀጥቅጦ እንደሆን እኔ አላውቅም።»
«አይደለም» አለችኝ፣ «አድማስ ነው የወሰዳት፤
መምህሩ ነግሮናል፣ ምድር ክብ ናት።»
ከዚያ ዝም። ከዚያ፦ «ግን እንባው የት ሄደ?»
የጀልባው ሞተር ብቻ ያለ መልስ ነጎደ።

ሐሙስ፣ መምህር ሌፒዮ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሳ፤
ውሃ ሲሞላው ከጎኑ ቀጭን ጅረት ተነሳ።
«ብለቀውስ?» አለ፣ መልሱን ከአፉ ሳያወጣ፤
«ይፈሳል!» አሉ ሁሉም። እሷ ጠርሙሱን ነጥቃው ወጣች ወደ በረንዳ።

ቤቶቻችን እግር አላቸው፣ ረጅም የእንጨት እግር፤
ባሕሩ ሲሸሽ ከሥራቸው ጭቃ ይቀራል፣ የዛጎል ክምር።
እዚያ ከፍታ ላይ ቆማ፣ ጠርሙሱን ዘረጋችው፤
ውሃው እየፈሰሰ፣ ጣቶቿን ከፈተች፣ ለቀቀችው።

ጅረቱ ቆመ።
ዓይን እርግብ እስኪል፣ አንዲት ቅጽበት ያህል፣
ጠርሙሱ ወደ ታች፣ ውሃውም ወደ ታች፤ ማን ማንን ይቀድማል?
ከዚያ ጭቃው ላይ ጧ! ፊታችን ሁሉ ራሰ፤
ሳቁ ከቤቶቹ ሥር እንደ ሞገድ ተመለሰ።

«እንደገና!» አለች። ሠላሳ ጊዜ ጣለች፤
ሲጨልም ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦
«እዚያ ያሉት አይንሳፈፉም፤ እየወደቁ ናቸው፤
እንባም አብሯቸው ይወድቃል፤ ስለዚህ አይለይም ከዓይናቸው።»
ከግርጌው፦ «መምህር ሆይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፤
ሴትየዋ ዳግም እስክታልፍ መጠበቅ ግን አልቻልሁም።»

ዛሬ ጀልባዬ ውስጥ ስድስት የተበሱ ጠርሙሶች አሉ፤
ከሞገድ ጫፍ ስንወርድ «አሁን!» ይባባላሉ።
እኔ አርባ ዓመት እዚህ ውሃ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ፤
ሆዴ ሲንሳፈፍብኝ «ባሕር ነው» ብዬ አልፌያለሁ።

ትናንት ግን ብቻዬን፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣
ከሞገድ ጫፍ ላይ የመዳፌን ውሃ ሽቅብ ረጭቼ
አየሁት። አንዷ ጠብታ ክብ ነበረች፣ ድፍን ክብ፤
ኤሉኔይ ቤት ድረስ ቀዘፍኩ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ።
በሩን አንኳኳሁ፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጢሜ ሽበት፤
«ክብ የሆነችው ለምንድን ነው?» አልኳት።