ዘጠነኛ ወለል

ስሜን ብትጠይቁኝ ካርሜሎ፣
አገሬን ብትጠይቁኝ ኢሎኢሎ፤
የምበላው ቆጥሬ ነው። በመዳፌ የያዝኳት ብረት
ሰው ባለፈ ቁጥር ጠቅ ትላለች፤ አንድ ነፍስ፣ አንድ ምልክት።

ከጄኖዋ ስንነሣ፣ ስድስት ሺህ ሰው ጭነን፣
መርከብ አይደለንም፤ ተንሳፋፊ ከተማ ነን፣
ያውም ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ሰዓት የሚርበው፣
ባንድ ሰዓት ፀሐይ፣ ባንድ ሰዓት ጥላ የሚያምረው፤
ወደብ ታየ ሲባል ደግሞ
ባንዲት ጠባብ ደረጃ የሚፈስ፣ ከየወለሉ ተምሞ።

ከሁሉ የከፋው ዘጠነኛ ወለል፣ አሳንሰሮቹ ፊት፣
ቁርስ ሲጋመስ፣ ሁለት ተኩል ላይ ጠዋት።
ፎጣ ያገለደመው፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋው፣
ሐብሐብ በሳህን ቆልሎ ሚስቱን ሲፈልግ የሚጋፋው፤
ቁልፉን አንዱ ተጭኖት ሳለ ሌላው ይጫነዋል፣
አሳንሰር በልመና ብዛት የሚመጣ ይመስለዋል።
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ሦስት መቶ ሰባ ስደርስ
ቁጥሩ ከእጄ ይጠፋል፣ አንዱ ከጎኔ ሲያስነጥስ።

ያን ሰሞን ከቱርኩ ኬርቱ መጣች፣
ሜትር እንጂ ወሬ የማታበዛ፤ በሩን ለካች፣
ደረጃውን ለካች፣ የሻንጣውን እጀታ፣
የሰው ትከሻ ስንት እንደሚሰፋ፣ ሲቆም፣ ሲያመነታ።
«ሰው ውኃ ነው» አለችኝ፤ «መንገድ ሲያገኝ ይወርዳል፤
ሲያጣ ይታቆራል፤ ከታቆረ ይሸታል።»
«ውኃ» አልኳት «ስልኩን ካቢን ረስቶ አይመለስም።»
ጻፈችው። አልሳቀችም።

የቡፌውን በር ለሁለት ከፈለችው፣
የሳህኑን ቁልል ከደጃፉ አንሥታ እመሐል አኖረችው፤
ሁለቱ አሳንሰሮች ሽቅብ ብቻ፣ ሁለቱ ቁልቁል፤
ለወደብም በየቀለሙ ተራ፦ ቢጫው ይቅደም፣ አረንጓዴው ይከተል።
ቫሌታ ስንደርስ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ የነበረው
ሁለት ሆነ። ዋናው አስተናጋጅ እጇን ይዞ ወዘወዘው።

በማግሥቱ፣ በዚያችው በሁለት ተኩል፣ አንዲት አሮጊት
ሰናፍጭ የመሰለ ሹራብ ደርባ መጥታ ቆመች ከፊት፤
ሲኞራ ኤርሲሊያ ናት፣ ከትሪየስቴ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ።
አሳንሰሩ ባዶውን ተከፈተ። ባዶውን ተዘጋ እፊቷ።
«ልጄ፣ ወረፋው የት ሄደ?»
«ተስተካከለ፣ ሲኞራ።»
«እሱን አልጠየቅሁህም። አሁን ከማን ጋር ላውራ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በየማለዳው ተሰልፋ፣
ተራዋ ሲደርስ «እናንተ ግቡ» ብላ አሳልፋ፣
ዞራ ከጭራው ትቆም ነበር፤ የአንዱን የጉልበት ሕመም፣
የአንዷን የልጅ ልጅ ስም
ለመስማት። እኔም ባለ ብረቱ፣ ምን ዐይን አለኝ፣
አሥራ አራት ጊዜ ቆጥሬያታለሁ፣ አሥራ አራት ሴት መስላኝ።

ኬርቱ ሰማች። ሜትሯን ዘርግታ መስኮቱን ተጠጋች።
ምንም አላለች።
በሦስተኛው ቀን ከጥጉ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፣
መንገድ ሳይዘጋ ወደ አሳንሰሮቹ ያፈጠጠ።
አራተኛው አሳንሰርም፣ እንጃ በማን ትእዛዝ፣
በሩን ሳይከፍት ዘጠኝ ሰከንድ ይዘገያል፣ እንደሚያስብ ሰው ሲፈዝ።
ሪፖርቷን አይቻለሁ፤ ስለዚህ አንድ መስመር የለበትም።
እኔም አግዳሚው ጋ ስደርስ አውራ ጣቴ አይጫንም።

ጄኖዋ ተመልሰን የአስተያየት ቅጽ ስሰበስብ፣
በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ አንዱን ቆሜ ሳነብ፦
«አግዳሚው ይቆረቁራል። ትራስ ይደረግለት።
አራተኛው አሳንሰር ዘገምተኛ ነው። እንዳትነኩት።»