መሪው በማን እጅ ነበር

ፊርሚኖ ታቬይራ፣ የመንገድ ሠራተኛ፣
አራት ኮን አንስቶ ሲያጎነብስ ላምስተኛ፣
ጭጋግ ከሐይቁ ወጥቶ አስፋልቱን ሲያለብስ፣
ወፍ ሳይንጫጫ ገና፣ ሌቱ ሊነጋ ሲደርስ፣
መኪናዋ መጣች።

አንሴልሞ ኳሬዝማ፣ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ፣
እጁን ከመሪው ላይ ያነሣው ነበር አንዴ፣
መንደሪን ሊልጥ ብቻ።
«አንዴ» ያለው ጊዜ በሳጥኗ ሲለካ
ዐሥራ አንድ ሰከንድ ሆነ፣ ከነሽራፊው። ለካ
ሳጥን ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ነው የሚያድረው፣
ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያነበው።

ዛሬ በአቬይሮ ችሎት፣ ሁለት ክረምት አልፎ ኋላ፣
ሰባት ጠበቃ ቆሟል፤ ሁሉም ይላል «ሌላ፣ ሌላ»።
ኩባንያው፦ «መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፣
ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፤ ያላነበበ አጥፍቷል።
ነጂ ዘወትር ነጂ ነው።»
ካሜራ ሠሪው፦ «ዓይን ሸጥን እንጂ እግር አልሸጥንም፤
ያየነውን ተናግረናል፣ ፍሬን እኛ አልያዝንም።»
የኢንሹራንሱ ሰውዬ ዝም ብሎ ይደምራል።

የአንሴልሞ ጠበቃ፣ የገበሬ ልጅ ኖኤሚያ፣
ወረቀት ዘርግታ አሳየች፣ የድሮ ማስታወቂያ፦
«እጅዎን ያሳርፉ» ይላል፣ በወርቅ ቀለም።
ከዚያ በሬ አመጣች፣ በቃል፣ ችሎቱ መሃል፦
«በሬ ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ይጠየቃል፣
ድሮስ ወጊ ነበር ወይ? አንተስ ታውቅ ነበር? ይባላል።
አውቆ ያላሰረ እንደሆን በሬው ብቻ አይታረድም።
ሦስት ደብዳቤ ደርሷችኋል፣ ‹በጭጋግ ትስታለች› የሚል፤
ቀንዱን አላሰራችሁም፣ ስሙን ብቻ ቀየራችሁ፤
‹ራስ ነጂ› ነበረ፣ ‹ረዳት ነጂ› አላችሁ።»

ተጠየቅ ሞተር! ብሎ የሚሟገት ቢኖር፣
አንቺ ነሽ ወይስ እሱ፣ መሪው በማን እጅ ነበር?
መልሱ በቁጥር ተጽፏል፦
ከመግጨቷ በፊት፣ ሰከንድ ሳይሞላ ገና፣
መሪውን ለቀቀች፤ «ተረከብ» አለችና።
የተረከበው እጅ የመንደሪን ልጣጭ ይዟል።
በሕግ ዓይን ግን ያን ጊዜ ነጂው ሰው ሆኗል።
ፍም የጨበጠ ሕፃን ለወንድሙ እንደሚያቀብለው
ዕዳው በዚያች ሽርፍራፊ ነው ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው።

አንሴልሞ ተጠየቀ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«በእጄ ነበር ብል እዋሻለሁ» አለ፣
«በእጄ አልነበረም ብልም»።
ተቀመጠ።

በመጨረሻ ዙልሚራ ተነሣች፣ የሟቹ ልጅ።
ጠበቃዋ በሹክሹክታ «ካሣውን ጥሪ እንጂ!» አላት።
አልጠራችም።
ገጽ ዘጠኝ አወጣች፣ የመኪናዋን ጽሑፍ፣
መስመሩን በጣቷ ይዛ ጮክ ብላ አነበበች፦
«ብርቱካንማ ነገር። ኮን። የማይንቀሳቀስ።»

«አባቴ ይሄ ነው» አለች። «ይንቀሳቀስ ነበር።
ወገቡን እያመመው፣ እየተነጫነጨ፣
አንዳንዴም እያፏጨ ይንቀሳቀስ ነበር።
ጥፋቱን ለፈለጋችሁት ስጡ፣ ለሰውም ለሶፍትዌርም፤
ይህችን አንዲት ቃል ግን ሰርዙና
ሰው በሉልኝ።»

ዳኛዋ ብዕር አነሡ።
ብዕሩን መልሰው አስቀመጡ።
«ማስረጃ አይታረምም» አሉ፣ መዝገቡን እያዩ፣ እሷን ሳያዩ።
ቀጠሮ፦ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ደጅ ላይ ካፊያ ነው። ዙልሚራ ጃንጥላ የላትም።
አንሴልሞ ጃንጥላውን ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም፣
አልገፋችውምም፤ አብረው እስከ ማቆሚያው ሄዱ።
አውቶቡሱ ሲነሣ እሱ ከኋላ ወንበር ነው፣
ሁለት እጁን ከፊቱ ክብ ነገር እንደያዘ ሰው፤
ኩርባ በመጣ ቁጥር፣ ሹፌሩ ሳይዞር ገና፣
ባዶውን አየር ያዞራል፣ ቀስ አድርጎ፣ በጥሞና።